ሐረጎን ሳትወጡ ቀብድ አትስጡ፦ አዲሱን ፒካፕ በአሮጌ ለመለወጥ ለምታስቡ

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አካባቢ ቡና ይዘን ተቀምጠን ሳለ አንድ ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ነጭ የቶዮታ ሀይሉክስ ፒካፕ ነው። ሲንግል ጋቢና፣ ፋይቭ ኤል ሞተር፣ እ.ኤ.አ. የ2003 ሥሪት። «የኔን ዲ ፎር ዲ ሰጥቼ፣ ጭማሪ ተቀብዬ ይህን ልውሰደው?» አለኝ። የእሱ አዲሱ ዓይነት ሞተር ያለው፣ እ.ኤ.አ. የ2014 ሀይሉክስ ነው።

ይህን ጥያቄ በዚህ ዓመት ስንት ሰው እንደጠየቀኝ ረስቻለሁ። የሚጠይቁኝ እኔ አድርጌው ስለማውቅ ነው። ሱቄ ደሴ ነው፤ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ሲሚንቶ እሸጣለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ቪጎዬን፣ ማለትም አዲሱን ዓይነት ሀይሉክስ ሰጥቼ አሮጌ ሀይሉክስ ወሰድኩ። ለእኔ ሠራልኝ። ያው መንገድ ለአክስቴ ልጅ ግን አልሠራም፤ በስድስት ወሩ ተመልሶ አዲስ ፍለጋ ገባ። ልዩነቱ የት እንደነበር አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ቅደም ተከተል አለው። እነሆ።

መጀመሪያ ንዴቱ ይብረድ

አብዛኛው ሰው ልዋጭ የሚያስበው መኪናው በተበላሸ ማግስት ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ከአንድ ማደያ ናፍጣ ሞልቼ ወጣሁ። ገራዶ ሳልደርስ የፊልትሮው መብራት ቦግ አለ። ሞተሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መካኒኩ ፊልትሮውን ፈትቶ በንጹሕ የውሃ ጠርሙስ ሲገለብጠው ሁላችንም ዝም አልን። ከታች ውሃ፣ ከላይ ናፍጣ። በመሃሉ የተሰመረ መስመር ይታያል። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት አራቱም ኖዝሎች ተበላሽተው መኪናዬ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆመ።

በእነዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀናት ማንም ሰው አህያ ቢያመጣልኝ እለውጥ ነበር። ደግነቱ ማንም አላመጣም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። ለምን ልለውጥ እንዳሰባችሁ በአንድ መስመር ጻፉ። ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ወይ መኪናው ተበላሽቷል፤ ወይ ገንዘብ ያስፈልጋችኋል፤ ወይ ሥራችሁ ተቀይሯል።

«ተበላሽቷል» ከሆነ መልሱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። የጥገናውን ዋጋ ከሁለት ጋራዥ ጠይቁ። ከዚያ በሌላ ወገን እነዚህን ደምሩ፦ ድለላ፣ ስም ማዛወሪያ፣ አሮጌው መኪና በመጀመሪያው ወር የሚፈልገው ጥገና። ጥገናው ካነሰ ጠግናችሁ ንዱ። የተበላሸ መኪና ይዞ ለልዋጭ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከበታች ሆኖ ነው የሚደራደረው። ደላላው ድምፁን ሰምቶ ያውቃል።

የአንድ ወር መንገዳችሁን በደብተር ያዙ

ይህን እርምጃ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት። የልጅ ደብተር ግዙና ጋቢና ውስጥ ጣሉት። በየቀኑ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ የት ሄዳችሁ፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ምን ጫናችሁ።

በወሩ መጨረሻ ሥዕሉ ራሱ ይናገራል። የእኔ ደብተር ላይ የነበረው ኩታበር፣ ቦሩ ሜዳ፣ ሐይቅ፣ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ነበር። አንዳንዴ በጉጉፍቱ በኩል ወደ ወረኢሉ። በቀን 60 ወይም 70 ኪሎ ሜትር፣ ብዙው ከጭነት ጋር፣ ግማሹ ጠጠር። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ለአሮጌው ይመቻል። ፍጥነት አይጠይቅም። ቢበላሽም ከቤታችሁ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ናችሁ፤ የምታውቁት መካኒክ በሞተር ሳይክል ይደርስላችኋል።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ በየሳምንቱ አዲስ አበባ ነበር የሚመላለሰው። አንድ ጉዞ 400 ኪሎ ሜትር፣ ጣርማ በርን ወጥቶ ወርዶ። አሮጌው መኪና በሰዓት 80 ላይ ጆሮ ያደነቁራል። ወገብ ይቆርጣል። ይህን ሁሉ ቢችለውም የናፍጣው ሂሳብ አልተቻለም። እኔ ለእሱ የነገርኩት «አሪፍ ነው፣ ለውጥ» ብዬ ብቻ ነበር። ደብተሩን አላየሁም። እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርሱበት፣ ቤተሰብ ጭናችሁ ለበዓል የምትወጡበት ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። ብዙዎቹ አሮጌ ፒካፖች ኤርባግም ኤቢኤስም የላቸውም። ይህ በብር አይመነዘርም።

«አዲስ» እና «አሮጌ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለዩ

ዓመተ ምሕረቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሚለየው ናፍጣው ሞተሩ ውስጥ የሚገባበት መንገድ ነው።

በሀይሉክስ እንሂድ፣ ምክንያቱም ደሴም ኮምቦልቻም ገበያው በእሱ ነው የሚለካው። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2005 ገደማ የተሠሩት አብዛኞቹ ወደ እኛ የመጡት ስሪ ኤል ወይም ፋይቭ ኤል ሞተር ይዘው ነው። ስሪ ኤሉ 2,800፣ ፋይቭ ኤሉ 3,000 ሲሲ ያህል ነው። አየር ገፍቶ የሚያስገባ ተርቦ የላቸውም። ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓቸው ሜካኒካል ነው፣ ኮምፒውተር የለውም። ከ2005 ወዲህ የመጣው ቪጎ 2,500 ሲሲውን ዲ ፎር ዲ ይዞ መጣ። ከ2015 ወዲህ ያለው ሪቮ ደግሞ 2,400 እና 2,800 ሲሲ ሞተር አለው። እነዚህ ኮመን ሬል ናቸው፤ ኖዝሉን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። ከሌሎቹ ወገን የድሮው አይሱዙ ፎር ጄ ኤ ዋን ሞተርና የላንድ ክሩዘሩ ዋን ኤች ዜድ እንደ ፋይቭ ኤሉ ሜካኒካል ናቸው።

ልዩነቱ በኖዝሉ ላይ ይታያል። የፋይቭ ኤል ኖዝል የሚከፈተው ከ100 እስከ 150 ባር ባለ ግፊት ነው። በኮመን ሬል ውስጥ ግፊቱ ከ1,300 ባር ያልፋል። በዚያ ግፊት የውሃ ጠብታ ወይም ደቃቅ አሸዋ ብረት ይበላል። ለዚህ ነው ያ መጥፎ ናፍጣ የእኔን ኖዝል የጨረሰው። ፋይቭ ኤል ቢሆን ኖሮ ያስል ነበር፣ ይቆም ነበር። ታንከሩን አጥበን፣ ፊልትሮ ቀይረን፣ አየሩን በእጅ ፓምፕ አውጥተን ምናልባት በዚያው ቀን እንነሳ ነበር። ኖዝሉ ቢነካ እንኳ ፖምፓ ቤት ወስዶ ማስለካት ይቻላል። የኮመን ሬሉ ግን መፈተሻ ማሽን ይፈልጋል። ዕቃው እዚህ ካልተገኘ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ትልካላችሁ።

ግን እዚህ ላይ ስለ አሮጌው የሚወራውን ሁሉ አትዋጡ። ሜካኒካል ማለት አይበላሽም ማለት አይደለም። በትንሽ በትንሹ ይበላሻል። ዛሬ የውሃ ፓምፕ፣ ከነገ ወዲያ ፍሪሲዮን፣ በሳምንቱ የመሪ ቴስቲና። አዲሱ አንድ ጊዜ ቀብሮ ይወስዳል፤ አሮጌው በየሳምንቱ እጁን ኪሳችሁ ይከታል። የትኛውን እንደምትችሉ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ በየሳምንቱ የሚጠይቀኝን እመርጣለሁ፤ ሱቅ ስላለኝ የቀን ገቢ አለኝ። ደመወዝተኛ ብሆን ምርጫዬ ሌላ ሊሆን ይችላል።

በሊትር አስሉ፣ ከዚያ ጭማሪውን ሥራ አስይዙት

የናፍጣ ዋጋ ስለሚለዋወጥ በብር አታስሉ። በሊትር አስሉ።

አለካኩ ይህ ነው። ታንከሩን ሙሉ፤ ቧንቧው ራሱ «ቀጭ» ብሎ ሲቆም በቃችሁ። ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። እንደ ልማዳችሁ ንዱ። እንደገና ያው ማደያ ሄዳችሁ እስከ «ቀጭ» ሙሉ። የሞላችሁትን ሊትር በ100 አባዙና በሄዳችሁት ኪሎ ሜትር አካፍሉ። በ100 ኪሎ ሜትር ስንት እንደሚጠጣ ታገኛላችሁ።

ለምሳሌ የእናንተ አዲሱ 9 ሊትር፣ አሮጌው 12 ሊትር ቢጠጣ እንበል። በወር 2,000 ኪሎ ሜትር የምትነዱ ከሆነ አዲሱ 180፣ አሮጌው 240 ሊትር ይወስዳል። ልዩነቱ በወር 60 ሊትር፣ በዓመት 720 ሊትር ነው። ይህን በዕለቱ የማደያ ዋጋ አባዙት። 60 ሊትር የአንድ ሀይሉክስ ታንከር አብዛኛው ነው። በእኛ ከተማ አንድ ታንከር ማለት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሰልፍ ማለት ነው። ሰልፍ ላይ የሚያልቀውን ግማሽ ቀን በሂሳቡ አስገቡ።

አሁን ወደ ጭማሪው። በልዋጭ የአዲሱ ባለቤት መኪናና ጥሬ ብር ይዞ ይወጣል። ሰው ልቡ የሚከፈተው በዚህ ብር ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ። ብሩ በነጋታው የት ይሄዳል?

መኪና በእኛ አገር ንብረት ነው፤ ዋጋው ከጊዜው ጋር አብሮ ይወጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ማስገባት ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ይህ ሁሉ ተደምሮ መንገድ ላይ ያለው መኪና ከባንክ ደብተር የተሻለ ቁጠባ ሆኗል። አዲሱን ሰጥታችሁ ጭማሪውን ባንክ ብታስቀምጡት የምታጡት ሁለት ጊዜ ነው። አሮጌ መኪና ይዛችኋል፤ ብሩም እየሳሳ ነው።

ጭማሪው ግን ሥራ ካለው ነገሩ ሌላ ነው። የእኔ ጭማሪ በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮ ሆኖ ሱቄ ገባ። ወለድ የሚበላ ዕዳ የዘጋበት ሰው አውቃለሁ፤ እሱም አልተጸጸተም። ቤት ውስጥ ሲመነዘር ያለቀበት ሰውም አውቃለሁ። ብሩ የሚሄድበትን ቦታ በወረቀት መጻፍ ካልቻላችሁ ልዋጩን ተዉት። ይህን ጽሑፍም እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ።

መኪናውን ደሴ ላይ፣ በጠዋት እዩት

እስካሁን ያለው በደብተር ነበር። ከዚህ በኋላ በእጅ ነው።

ኮምቦልቻ ያለ ሻጭ «ና እዚህ እየው» ይላል። መኪናው ኮምቦልቻ ላይ በቀትር አንድ ጊዜ ቁልፍ ሲዞርለት ይነሳል። ማንም ናፍጣ ሞተር በዚያ ሙቀት ይነሳል። እናንተ የምትፈልጉት ደሴ ያደረ መኪና ነው። ሻጩ ማታ አምጥቶ እንዲያሳድረው ጠይቁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሳለ ሂዱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ከሆነማ በጣም ጥሩ።

መጀመሪያ ኮፋኖውን በእጃችሁ ዳብሱት። ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሞቅ ካለ ቀድመው አስነስተውታል፤ ሰላምታ ሰጥታችሁ ተመለሱ። እኔ አንዱን እንዲህ ነው የያዝኩት። ኮፋኖው ላይ ጤዛ የለም፤ የጎረቤቱ መኪና ላይ ግን ጤዛው ያንጠባጥባል። ደላላው «አብሽር ወንድሜ፣ ፀሐይ መቶት ነው» አለኝ። ፀሐይ ገና አልወጣችም።

ቀዝቃዛ ከሆነ ቁልፉን ሞተሩን ቀድሞ ወደሚያሞቀው ካንዴሌታ ያዙ፣ መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ አስነሱ። በሁለተኛው ሙከራ ቢነሳ ይቅር ይባላል። ባትሪው እስኪደክም ከጮኸ ወይ ካንዴሌታው ሞቷል፣ ወይ ሞተሩ ትንፋሽ የለውም። የመጀመሪያው ርካሽ ነው። ሁለተኛው ሞተር ማውረድ ነው።

ጭሱን እዩ። በብርድ ነጭ ጭስ ለጥቂት ደቂቃ ልማድ ነው። ሞቆም ነጩ ካልቆመ፣ የራዲያተሩ ውሃም የሚቀንስ ከሆነ ጓርኒሲዮን ወይም ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ጠርጥሩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጥቁሩን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ላለው ዳገት፣ ለሐረጎ እናቆየው።

ቀጥሎ የዘይት መሙያ ክዳኑን ሞተሩ እየሠራ ክፈቱና ገልብጣችሁ አፉ ላይ አስቀምጡት። ዝም ብሎ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ ከተቀመጠ ጥሩ። እየዘለለ ከወደቀ፣ ወይም እንደ ማንቆርቆሪያ የሚተነፍስ ከሆነ የፒስተን ፋሻው አልቋል። ክዳኑ ሥር ቡና በወተት የሚመስል ነገር ካያችሁ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል።

ደሴ የራሷን ጉድ ትደብቃለች። በዚህ ብርድ ራዲያተር ቢደፈንም አይሞቅም። ስለዚህ ያው መኪና ወደ ቆላ መውረድ አለበት።

ጭናችሁ ሐረጎን ውረዱ፣ ከዚያ ውጡ

ለእኔ ውሳኔው ያለው እዚህ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ትወጣላችሁ። ከዚህ የተሻለ መፈተሻ ማሽን አገር ውስጥ የለም፤ ክፍያም የለውም።

ባዶ አትሂዱ። ሰባት ስምንት ኩንታል ጫኑ። ሻጩ ካንገራገረ የናፍጣውን እናንተ ቻሉ። አሁንም ካንገራገረ ምክንያት አለው።

ስትወርዱ ፍሬኑን ፈትሹ። ማርሹን ሦስት ላይ አድርጉና ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬን በየመሃሉ ንኩ። ከመሪው ስር መንቀጥቀጥ ካለ፣ ወደ አንድ ጎን ከጎተተ፣ ታች ስትደርሱ የፍሬን ሽታ ጋቢና ከገባ ጻፉት። ከማርሽ እየዘለለ ወደ ዜሮ የሚወጣ ከሆነ ካምቢዮው አርጅቷል። ይህ በተለይ ቁልቁለት ላይ ነው የሚታየው።

ኮምቦልቻ ደርሳችሁ ሞተሩን አታጥፉ። በቦርከና በኩል ዞር ዞር በሉ። ቀትር ላይ ብትደርሱ ይመረጣል። ከዚያ መልሳችሁ ውጡ።

አሁን እውነቱ ይመጣል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ። ደሴ ላይ ፋይቭ ኤል ካለው ጉልበት ሩቡ ገደማ የለም ማለት ነው። ተርቦ ያለው ዲ ፎር ዲ ይህ ብዙም አይሰማውም፤ ተርቦው የጎደለውን አየር ገፍቶ ያስገባለታል። እናንተ የለመዳችሁት ይህንን ነው። ስለዚህ አሮጌው በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት ብታዩ ሞተሩ ታሟል ብላችሁ አትደንግጡ። ልኩ ነው። ግን ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን በየቀኑ ትችሉታላችሁ? አይሱዙው፣ ሲኖትራኩ፣ ባጃጁ ሳይቀር ከኋላችሁ ክላክስ እያደረገ? እኔ ለምጄዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ግን የለቀቀው ግማሹ በዚህ ነው።

ጥቁር ጭስም እንደዚያው ነው። ሜካኒካል ፖምፓ የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ያንኑ ናፍጣ ይረጫል። ዳገት ላይ በጭነት ጥቁር ማስነጠሱ የሚጠበቅ ነው። ሜዳ ላይ ባዶውን እየጠቆረ ከሄደ ግን ኖዝሉ ወይም ፖምፓው ይታይ። አንዳንዱ ባለቤት ጉልበት ፍለጋ ፖምፓውን አስከፍቶታል፤ ያ ሞተር ሲቃጠል ኖሯል።

አሁን ዓይናችሁ ከሙቀት ጌጁ አይነሳ። ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢቆም ደህና ነው። እየወጣ ወደ ቀዩ ከተጠጋ ዳር ያዙ፤ ሞተሩን ሳታጠፉ ይብረድ። የራዲያተሩን ክዳን በሙቀት እንዳትከፍቱ። ደሴ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃውን ከመፍላት የሚያዘው የክዳኑ ግፊት ነው። ያረጀ ክዳን ያለበት መኪና ዳገቱን ሳይጨርስ ይፈላል፤ ክዳኑን ብቻ ቀይሮ የዳነም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ክዳኑን ጠርጥሩ፣ ከዚያ ፋኑን፣ ከዚያ ራዲያተሩን። እነዚህ ኤል ሞተሮች አንዴ ክፉኛ ከሞቁ ቴስታታቸው ይሰነጠቃል። ሻጩ «አንድ ጊዜ ሞቆ ነበር፣ አሠርቼዋለሁ» ካለ የሠራውን ጋራዥ ጠይቁና ሄዳችሁ አነጋግሩ።

እኔ ከመጨረሻው በፊት ሦስት መኪና በሐረጎ አውጥቻለሁ። አንዱ ፈላ። አንዱ ከሁለተኛ ማርሽ ዘለለ። ሦስተኛው ደህና ወጣ፤ ታች ገብቼ ሳየው ነው የተውኩት።

ታች ግቡ

ያ ሦስተኛው መኪና ከላይ ሲታይ ሙሽራ ነበር። ቀለሙ አዲስ፣ ቸርኬው የሚያብረቀርቅ። ካርቶን አንጥፌ ታች ስገባ ሻንሲው ላይ፣ ከኋላው ባልስትራ ማሠሪያ አጠገብ፣ ብየዳ አየሁ። በላዩ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። በጠጠር መንገድ ከልክ በላይ ሲጭን የኖረ ፒካፕ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው።

ትንሽ ካቻቢቴ ይዛችሁ ግቡ። በእጀታው ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ ኳ ኳ አድርጉት። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። የበሰበሰው ድፍን ድምፅ ያወጣል። በተለይ መኪናው ባቲና ሚሌ መስመር የሠራ ከሆነ የአፍዴራ ጨው ጭኖ እንደሆነ ጠይቁ። ጨው የጫነ ካሶኒ ከላይ ተቀብቶ ከታች ይበሰብሳል። ጭቃ የተጋገረበትን ቦታ ፍቃችሁ እዩ።

የሻንሲ ቁጥሩ በሀይሉክስ ከቀኙ የፊት ጎማ በላይ ባለው የሻንሲ ብረት ላይ ተመቷል። ጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ፊደል በፊደል ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። የተፋቀ፣ የተበየደ፣ ከሌላው የተለየ ፊደል ካለ እጃችሁን ሰብስቡ።

የሥሪት ዘመኑን ለማጣራት የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ሥሩ ላይ የተሠራበት ቀን ያለበት ጨርቅ አለ። ጎማው ላይም አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። ይህም እ.ኤ.አ. ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ግን አትመኑት። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ እየታየ ቆጣሪው 140,000 ቢል ቆጣሪው ነው የሚዋሸው።

በርና ላሜራው ላይ ማግኔት አስጠጉ፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ አይይዝም። ለሥራ መኪና ይህ ትልቅ ጉዳይ አይደለም፤ ለመደራደር ግን ይጠቅማል።

ወረቀቱ፦ ልዋጭ ሁለት ሽያጭ ነው

ሰው ልዋጭን እንደ አንድ ነገር ያየዋል። በሕግ ፊት ሁለት ስም ማዛወር ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ይለቁ። «የእናንተን ዛሬ እናዙር፣ የእኔን በሳምንቱ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እናንተም በሳምንቱ በሉ።

ከቀብድ በፊት እነዚህን ጠይቁ። መኪናው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ስለመሆኑ ማስረጃ። ከቀረጥ ነፃ የገባ እንደሆነ፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካም ፕሮጀክትም ስላለ እንዲህ ያለ ፒካፕ ያጋጥማል፣ ቀረጡ ሳይከፈል ወደ እናንተ ስም አይዞርም። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ፣ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ። ኮድ 3 (የንግድ) ከሆነ የግብር ክሊራንስ። የእናንተ ኮድ 2 (የግል) ሆኖ በኮድ 3 የምትለውጡ ከሆነ ደግሞ የንግድ መኪና ባለቤት ልትሆኑ ነውና ከዚያ ጋር የሚመጣውን ግብር ቀድማችሁ አጣሩ። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ መቼ እንደሚያልቅ እዩ።

በውክልና የሚሸጥ መኪና ላይ ልቤ አይረጋም። ባለቤቱ የት እንዳለ ጠይቁ። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ይሞታል፤ እናንተ ከወራሾች ጋር ትቀራላችሁ። ቢቻል ባለቤቱ ራሱ ይምጣ።

ጭማሪው በውሉ ላይ በትክክል ይጻፍ። ክፍያ ለመቀነስ አሳንሰው የሚጽፉ አሉ። ነገ ውሉ ቢፈርስ የምትጠይቁት የተጻፈውን ነው። ብሩም በባንክ ይግባላችሁ፣ በፌስታል አትቀበሉ። ደላላው በልዋጭ ከሁለቱም ወገን ስለሚቀበል የእናንተን ድርሻ ከመጀመሪያው ቁረጡ።

ስም ከዞረ በኋላ ባለው ሳምንት

ጭነት ከመቀበላችሁ በፊት መኪናውን ሦስት ቀን ጋራዥ ስጡት። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ይቀየር። የናፍጣ ታንከሩ ወርዶ ይታጠብ፤ የሃያ ዓመት ደለል ከሥሩ ታገኛላችሁ። ከእኔ ታንከር የወጣው ጭቃ አንድ ሲኒ ይሞላ ነበር።

ከሁሉ በላይ የታይሚንግ ቺንጋውን ቀይሩ። በስሪ ኤልና በፋይቭ ኤል በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ሻጩ «ባለፈው ዓመት ቀይሬዋለሁ» ቢላችሁም ቀይሩ፤ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞ ነው የሚሄደው። አብሮት መወጠሪያው ኩሽኔታም ይቀየር። ቆጣሪው ውሸት ሊሆን ስለሚችል የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በወረቀት ጽፋችሁ፣ በፕላስተር ሸፍናችሁ ኮፋኖው ውስጥ ለጥፉት። የእኔ አሁንም እዚያው አለ፤ ዘይት ነክቶት ቢጠቁርም ቁጥሩ ይነበባል።